ጎረቤት ያስቀመጠው ማስታወቂያ

መርማሪዋን ሰው ሁሉ «መርፌ» ነው የሚላት። ቅጥነቷን አይቶ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ከገባችበት ሳትወጋ አትወጣም።

ያን ቀን ረፋዱ ላይ የተጠራችው ወደ ውሃ ጽሕፈት ቤቱ ነበር። የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ከአዲሱ ታንከር መሰላል ሥር በጀርባዋ ተዘርራለች። አንድ እግሯ ባዶ ነው፤ ጫማዋ መሰላሉ አናት ላይ ቀርቷል። ስልኳ ከጋዋኗ ኪስ ውስጥ አለ።

«አዳልጧት ነው እህቴ» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ላቡን እየጠረገ።

መርፌ የሟቿን እጅጌ ወደ ላይ ሰበሰበች። ክንዷ ላይ የአምስት ጣት ምልክት ቀልቷል።

«ይሄ የሚያዳልጥ ነገር ደግሞ እጅ አለው እንዴ?»

ሥራ አስኪያጁ ቶሎ ብሎ ቃሉን ቀየረ። «እንግዲያው ቴክኒሻኑ ነው! ትናንት በሰው ፊት ሲጮህባት ነበር።»

ቴክኒሻኑ እንደሆነ ገና ድሮ ካቴና ገብቶለታል። ወንጀለኛ መፈለግ የሰለቸው ፖሊስ ጯሂውን ነው የሚይዘው።

መርፌ ከጸሐፊዋ ጀመረች።

«ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ ዷ! ሲል ሰማሁ። በርሜል የወደቀ መስሎኝ ዝም አልኩ፤ ምነው ወጥቼ ባየሁ!»

«አንቺ የት ነበርሽ?»

«ከወንበሬ መቼ ተነሥቼ! አሥር ባለጉዳይ ተሰልፎብኝ ነበር፤ ጠይቂያቸው። ጋሼ ሥራ አስኪያጁና ቴክኒሻኑ ግን ወጥተዋል፤ ጋሼ ታንከሩን ሊያዩ፣ እሱ ቧንቧ ሊጠግን።»

ሥራ አስኪያጁ የራሱን ስልክ አቀበላት። በመሥሪያ ቤቱ የማኅበራዊ ሚዲያ ፔጅ ላይ እንዲህ ይላል፦ «የአዲሱ ታንከር ውሃ ንጹሕ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለታችኛው ሰፈር ይለቀቃል።»

«ማን ጻፈው?»

«ሟቿ ናት። ማስታወቂያ የእሷ ሥራ ነው።»

«በሦስት ሰዓት ከአርባ? ከሞተች ከሃያ ደቂቃ በኋላ? ጎበዝ ሠራተኛ ነበረቻችሁ።»

የፔጁ ፓስወርድ ከጸሐፊዋ ጀርባ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ ያለፈ ያገደመ ሁሉ ያነበዋል። መርፌ ማን እንደገባ እንዲነግራት የፔጁን ባለቤት ኩባንያ ጠየቀች። «ጥያቄዎ ደርሶናል፤ በሠላሳ ቀን ውስጥ መልስ ያገኛሉ» የሚል መጣላት።

«ሠላሳ ቀን! እስከዚያማ ሰፈሩ ጠጥቶ ይጨርሳል» አለችና ወደ ቴክኒሻኑ ሄደች።

«ምን አጣላችሁ?»

«የማስታወቂያ ነገር ነው እትዬ። የመንግሥት ቃል እስከ መቼ በሰው ቤት በጥገኝነት ይኖራል ብዬ የራሳችንን ሰርቨር፣ ማስታወቂያ የምናወጣበትን ኮምፒውተር ተከልኩ። የሆስፒታሉም የትምህርት ቤቱም የየራሳቸው አላቸው፤ እኛ የጻፍነው እነሱ ጋ ይደርሳል፣ የእነሱም እኛ ጋ። ማንም ከላይ ሆኖ አይዘጋብንም። እሷ ‹ሰው የለመደው ፔጁን ነው› አለችኝ፤ ደሜ ፈላ። ኋላ ግን ‹በቃ አትቆጣ፣ ነገ እሞክርልሃለሁ› ብላኝ ነው የተለያየነው።» ዓይኑ እንባ አቀረረ። «እናቴ ይህን ካቴና ካየች አትተርፍም።»

«የሰርቨሩን መዝገብ ማየት ይቻላል?»

«የራሳችን አይደል? ማንን እንለምናለን!»

ሰርቨሩ ቁምሳጥን ውስጥ ነበር። መዝገቡ ሁለት ነገር ብቻ ይላል፦ ሦስት ሰዓት ከአምስት ላይ ሟቿ አንድ ማስታወቂያ ጽፋለች፤ ሦስት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ላይ ከሟቿ ስልክ ተሰርዟል። ጽሑፉ የለም።

መርፌ በእግሯ ወደ ሆስፒታሉ ገሰገሰች። ዋና ነርሷ ሳቀችባት።

«እኛ ጋማ አለ! የመሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ቢሰርዙትም እንዳይጠፋ አድርገን ነው ያስተካከልነው። ቧንቧችንን ከዘጋን ቆየን፤ ትምህርት ቤቱም ዘግቷል።»

መርፌ ጽሑፉን በወረቀት አሳትማ ለማንም ሳትነግር ተመለሰች።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሦስቱንም ሰብስባ በየፊታቸው አንድ አንድ ብርጭቆ ውሃ አኖረች።

«ከአዲሱ ታንከር ነው። ይጠጣ!»

ጸሐፊዋ ጠጣች። ቴክኒሻኑ ብርጭቆውን በታሰሩ እጆቹ አንሥቶ ጨለጠው። ሥራ አስኪያጁ ብርጭቆውን እንደ እባብ ያየዋል።

«ይጠጡ እንጂ፤ ንጹሕ ነው ተብሎ የለ?»

«አልጠማኝም።»

«አይፍሩ፤ ከቤቴ አፍልቼ ያመጣሁት ነው። እነሱ ያልሰሙትን እርስዎ ከየት ሰሙ?» ከሆስፒታሉ ያመጣችውን ወረቀት ዘረጋች። «‹አዲሱ ታንከር ሳይታጠብ ተሞልቷል። ውሃው ተበክሏል፤ እንዳትጠጡ።› ሟቿ ይህን ጽፋ ታንከሩን ደግማ ልታይ ወጣች። ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ ወደቀች። ስልኳ በጣት ይከፈታል፤ ገዳይዋ የሬሳ ጣት ይዞ ከፈተና ሰረዘ፤ ስልኩን ወደ ኪሷ መለሰ። ከዚያ ፔጁ ላይ ‹ንጹሕ ነው› ብሎ ጻፈ። ጸሐፊዋን አሥር ባለጉዳይ ይመሰክርላታል። ቴክኒሻኑ ቢሆን ኖሮ ስረዛ ላይ ጊዜ አያጠፋም፤ ጎረቤት የደረሰ ወሬ እንደማይመለስ የሚያውቀው እሱ ነው። ይህ ሰው ግን እንደ ፔጁ ከአንድ ቦታ ሲያጠፉት ከዓለም የሚጠፋ መስሎታል። እንደዚያ የሚያስብ ማን ቀረ?»

ሥራ አስኪያጁ ወንበሩ ላይ ሟሸሸ።

«ነገ ለታንከሩ ምረቃ ትልልቅ እንግዶች ይመጣሉ… ማስታወቂያውን አጥፊው ብዬ ለመንኳት። እምቢ አለች። ክንዷን ያዝኳት… እሷ መነጨቀችኝ…»

«እርስዎም ለቀቋት» አለች መርፌ።

ካቴናው ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ተዛወረ። ለዘጠኝ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነው። ጸሐፊዋ «እናትህን ልጥራልህ?» ስትል ቴክኒሻኑ በሩን አልፎ ሄዷል። ታችኛው ሰፈር ሲደርስ ሰዓቱ ሞልቶ ቧንቧው ውሃ ማውረድ ጀምሯል፤ ተንበርክኮ ማዞሪያውን በሙሉ ኃይሉ ጠመዘዘው።

ከሰልፉ ፊት ያሉት ሴትዮ ጄሪካናቸውን አስቀምጠው ወገባቸውን ያዙ።

«አንተ! በማን ትእዛዝ ነው የምትዘጋብን? ፔጁ ላይ ንጹሕ ነው ይላል!»

ትንፋሹ ስለተቆራረጠ መናገር አቃተው። ሆስፒታሉ ያስቀረውን ማስታወቂያ ከፍቶ ስልኩን ዘረጋላቸው። ሴትየዋ ቀስ ብለው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አነበቡ፤ ከታች ያለውን የሟቿንም ስም አነበቡ። ከዚያ ወደ ሰልፉ ዞረው እንዲህ ሲሉ ጮኹ፦

«የቀዳችሁ ድፉ! ድፉ ብያለሁ፤ ልጅቷ እንዳትጠጡ ብላለች!»