የዴሊያ ታንሲ ካርድ

ዴሊያ ታንሲ ሞታ የተገኘችው መኝታ ክፍሏ ወንበር ላይ ነው፤ አጠገቧ ትንሽ ቢላና ለሁለት የተከፈሉ የልብ ኪኒኖች ነበሩ። ሐኪሟ ያዘዘላት ሙሉ ሙሉውን ነበር። የፖሊስ ሳጅኗ አትራክታ መልቪ ግማሾቹን አንድ በአንድ ቆጠረች።

ዴሊያ በአሥራ ሰባት ዓመቷ ሳታገባ አርግዛ መነኮሳት በሚያስተዳድሩት የእናቶች ቤት ውስጥ ተዘግቶባታል፤ ልጇንም እዚያው ነጥቀዋታል። አሁን በስልሳ ስድስት ዓመቷ፣ ለዚያ በደል ካሳ መንግሥት መድኃኒት በነጻ የሚያስገኝ ካርድ ፈቅዶላት ነበር። ታዲያ ኪኒን ለምን ትቆጥባለች? ካርዱስ የት ገባ? የአስከሬን መርማሪው ፋይሉን ከቀብሯ ማግስት «የተፈጥሮ ሞት» ብሎ ሊዘጋው ነው።

አትራክታ ካሳ ቢሮው ደውላ አርባ ደቂቃ የመጠበቂያ ሙዚቃ ሰማች። በመጨረሻ አንዲት ሠራተኛ ካርዱ ከሦስት ወር በፊት በአደራ ፖስታ መላኩን፣ «ታንሲ» የሚል ፊርማም እንዳለው ነገረቻት። አንድም ቀን ሥራ ላይ አለመዋሉን ለምን አላያችሁም ብትላት፣ የኛ ክፍል ሥራ አይደለም አለች። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ!

ፖስተኛው ዴክላን ዝናብ ስለነበር የፈረመውን ሰው ቀና ብሎ አላየም። የከተማዋ ብቸኛ ፋርማሲ ባለቤት ፊንታን ደግሞ እንዲህ ያለ ካርድ በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ከዴሊያ ጋር ትኖር የነበረችው ታላቅ እህቷ ኢሜልዳ ምንም ካርድ አልመጣም ብላ ድርቅ አለች።

«ቢመጣስ ምን ሊረባ?» አለች ቀጥላ። «ያን ሐምራዊ መስመር ይዛ ፋርማሲ ልትሰለፍ ነው?»

ከቀብር መልስ አትራክታ ሦስቱን ሻይና ሳንድዊች በቀረበበት ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ዴክላን፣ አንተ ብታስቀረው ኖሮ ፊርማ አትቀበልም ነበር። ፊንታን፣ ካርዱ የሚጠቅምህ ብትሠራበት ነው፤ አልተሠራበትም። እሜቴ ኢሜልዳ፣ እርስዎ ግን አልመጣም ያሉትን ካርድ መስመሩ ሐምራዊ ነው አሉኝ። እኔ ራሴ ቀለሙን ያወቅኩት ዛሬ ጠዋት ቢሮውን ጠይቄ ነው።»

ኢሜልዳ ካርዱን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«እናታችን፣ 'ዴሊያ ያን ጊዜ እንግሊዝ አገር ነበረች' በሉ ብላ አስምላናለች። ፊንታን ያን የእናቶች ቤት ሴቶች መለያ መስመር ካየ የቤታችን ገመና አደባባይ ሊወጣ አይደል? ኪኒኑን ደግሞ ብትጠይቀኝ እገዛላት ነበር።»

አትራክታ ማስታወሻዋን ገለጠች። ሕጉ የሚያስጽፋት የሰው ደብዳቤ መደበቅን ብቻ ነው። ብዕሯን ብትወረውረው ደስ ባላት።

ፊንታን ሳንድዊቹን አስቀመጠ።

«እሜቴ፣ እኔ እኮ የተወለድኩት እዚያው የእናቶች ቤት ነው» አለ። «የራሴን የካርድ ማመልከቻ ሞልቼ ከመሳቢያዬ ካኖርኩት ዓመት አለፈው። አልላክሁትም፤ እርስዎ እንዳያውቁብኝ ብዬ።»