ባሌን ማን ጠራው?

በጅን ወሬ የምስቅ ሴት ነኝ፣ ወላሂ፣ ጎረቤቶቼ ውሃው ዳር እንዲህ ታየ፣ እንዲህ ተሰማ ሲሉኝ ‹‹ሥራ ስላጣችሁ ነው›› እያልኩ ነው የኖርኩት፣ መርሳ ገበያ ዓሣ ስጠብስ የምውል ሰው ለጅን ምን ጊዜ አለኝ ብላችሁ ነው! እኔ የጠረጠርኩት ሴት ነው።

ባሌ ይማም ከግራና ወዲያ ያለችው ግድብ ላይ ቆሮሶ ዓሣ ያጠምዳል፣ ድሮ በጊዜ የሚገባ ሰውዬ ንፋስ በነፈሰ ቁጥር ማምሸት ጀመረ፣ ያውም ባዶ እጁን፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሶ። ብጠይቀው ‹‹ንፋሱ ማዶ ወሰደኝ›› ይላል፣ እኔን እንኳ በጎሪጥ እያየ። ጉድ እኮ ነው፣ በንፋስ ያመካኛል! ሁለተኛ ሊያገባብኝ ነው ብዬ አንጀቴ አረረ፣ ልጆች ወልጄለታለሁ፣ ትዳሬ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት ንፋሱ ሲነሳ ዘልዬ ጀልባው ላይ ወጣሁ።

‹‹ኧረ ተይ፣ ዋና አታውቂም!››

‹‹አንተ ታውቅ የለ፣ ቅዘፍ!››

ጀልባዋ ሁለት ሰው ከያዘች ሞላች፣ ውሃው እየረጨን፣ እኔ ቢስሚላህ እያልኩ ጠርዟን ሙጭጭ ብዬ ይዣለሁ፣ ዓይኔ ግን ማዶ ነው። ይማም ጀርባውን ሰጥቶኝ መረቡን ሲጥል፣ ማዶ ካለው ሸምበቆ ውስጥ የሴት ድምፅ መጣ።

‹‹ጥላዬ!››

እዚህ ላይ ልንገራችሁ፣ በእኛ ዘንድ ሚስት ባሏን በስሙ አትጠራም፣ ነውር ነው፣ ራሷ ስም ታወጣለታለች። ጥላዬ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ከእኔ በቀር ማንም አይጠራበትም። እኔ ያወጣሁትን ስም ለእሷ ሰጣት! ደሜ ፈላ፣ ልሰድበው አፌን ስከፍት ይማም ‹‹አቤት›› አለና ወደ እኔ ዞረ።

‹‹ምን ፈለግሽ?››

‹‹እኔ መቼ ጠራሁህ? ከማዶ ነው የጠራችህ!››

ፊቱ አመድ መሰለ። ‹‹ታዲያ ያን ሁሉ ቀን አንቺ አልነበርሽም? ንፋስ ሲነሳ ማዶ ሆነሽ ትጠሪኛለሽ፣ ቀዝፌ ስመጣ የለሽም፣ ውሃ ውስጥ ወርጄ ስፈልግሽ አመሻለሁ። የምትሰልዪኝ መስሎኝ በሆዴ ይዤው ነው እንጂ...››

‹‹ጥላዬ፣ ና እንጂ!››

አሁን ልብ ብዬ ሰማሁት። የእኔ ድምፅ ነው። እመኑኝ፣ አፌ ግጥም ብሎ ተዘግቷል፣ ድምፄ ግን ማዶ ነው። ይማም መቅዘፊያውን አንስቶ ወደዚያው መቅዘፍ ጀመረ፣ እኔ እዚህ ፊቱ ተቀምጬ! እጁን ያዝኩት፣ ስሙ ካፌ አመለጠኝ፣ ‹‹ይማም! ይማም! እኔ እዚህ ነኝ፣ አብሽር!›› ብዬ ግድቡ እስኪያስተጋባ ጮህኩ። ከእንቅልፉ እንደነቃ ሰው አየኝና ጀልባዋን መለሳት።

ከዚያ ወዲህ ውሃ አልወረደም። ተማከርን፣ እኔ ይማም ብዬ እጠራዋለሁ፣ ጥላዬ ያለችው እኔ አይደለሁም፣ እንዳይመልስላት። ጎረቤቱ ‹‹ባሏን በስሙ ትጠራለች፣ ባለጌ›› ይለኛል፣ ይበል! ደህና ከረምን።

ትናንት ሽንኩርት እየላጥኩ ከግድቡ በኩል ንፋስ መጣ። ይማም ጓሮ ነበር።

‹‹አቤት!›› አለ። ገብቶ ጫማውን ይፈልግ ጀመር።

‹‹ማን ጠራህ?››

‹‹አንቺ ነሻ፣ አሁን ይማም አላልሽም?››

በአላህ፣ አፌን አልከፈትኩም።