በቀኝ አውራ ጣት

የብየዳ ሠራተኛው በፖሊስ ጣቢያው የእስረኞች ማረፊያ ክፍል ሲሚንቶ ላይ ሞቶ ተዘርሯል፤ አናቱ ተፈንክቷል። መርማሪዋ አፍንጫዋን ይዛ አጠገቡ ተንበረከከች። የሽንት ባልዲው አፉ ድረስ ሞልቶ ይከረፋል፤ ላውጣው ያለ የለም።

«ጠዋት ሦስት ሰዓት ችሎት ቀርቦ በሰላም ተመለሰ» አለ ሳጅኑ፣ የቁልፍ ዘለላውን እያሽከረከረ። «አራት ሰዓት ላይ ከዚህ ሽማግሌ ጋር ተጣሉ። ሌላ ሰው አልነበረም። በቃ፣ ይኸው ነው!»

በአጥር ጠብ የታሰሩት ሽማግሌ ጥግ ላይ ኩርምት ብለዋል። አሁን በነፍስ ግድያ ሊከሰሱ ነው።

«አባባ፣ ምን አዩ?»

ሽማግሌው ቁልፉን አዩና አንገታቸውን ደፉ። «ሆድ ይፍጀው፣ ልጄ።»

«ይቺ ጣቱ ላይ ያለችው ፋሻስ?»

«እሷማ ትናንት ሲያመጡትም ነበረች። ብየዳ አቃጥሎት ነው።»

ፋሻው ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ ደርቋል። ቀስ ብላ ላጠችው። የቀኝ አውራ ጣቱ ቆዳ ተገፎ ሥጋው ቀርቷል። መርማሪዋ ብድግ ብላ ወደ ፍርድ ቤት ሄደች።

ከሰዓት በኋላ ዳኛውን፣ የችሎቱን ጸሐፊ፣ ሳጅኑንና ሽማግሌውን ችሎቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«መዝገቡ እንዲህ ይላል» አለች። «‹ተጠርጣሪው ቀርቦ፣ መብቱ ተነግሮት፣ ጠበቃ አልፈልግም ብሎ በቀኝ አውራ ጣቱ ፈርሟል።› ሰማያዊው አሻራ መስመር በመስመር ይታያል። የሟች ጣት ግን ቆዳ የለውም፤ ፋሻውም ቀለም አልነካውም። ስለዚህ የፈረመው ሌላ ሰው ነው። ክቡር ዳኛ፣ ሰውየውን አይተውታል?»

ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አርባ መዝገብ ነበረብኝ። ‹ቀርቧል› ተባልኩ፤ አሥራ አራት ቀን የምርመራ ጊዜ ፈቀድኩ።»

ኤዲያ! ዓሣ ግማቱ ከአናቱ አሉ። መርማሪዋ መዝገቡን ዘጋች።

«ሦስት ሰዓት ላይ መቅረብ እንደማይችል ያወቀ ሰው ነው የፈረመለት። ያኔ ሞቶ ነበር ማለት ነው፤ የአራት ሰዓቱ ጠብ ውሸት ነው። የክፍሉ ቁልፍ በማን እጅ ነበር? ሳጅን፣ እስቲ አውራ ጣትህን አሳየን።»

ሳጅኑ እጁን ኪሱ ከተተ። በር ላይ የቆሙ ፖሊሶች ጎትተው አወጡት፤ ሰማያዊው ቀለም ጥፍሩ ሥር ገና አልለቀቀም። ቁልፉን ተቀብላ እጆቹን በካቴና አሰረችው።

ጸሐፊው ወረቀቶቹን ሊሰበስብ ሲጣደፍ ከላይ ያለውን ነጠቀችው። የሽማግሌው ቅጽ ነበር፤ ገና ሳይቀርቡ «ጠበቃ አልፈልግም ብሏል» ተብሎ ተሞልቷል።

«ጊዜ ለመቆጠብ እኮ ነው፣ እህቴ! ጠዋት ጠዋት የሁሉንም ሞልተን ነው የምንጠብቀው።»

«ወይ ጉድ! ሰውን ሳትሰሙ መልሱን ትጽፋላችሁ?»

ወረቀቱን ዳኛው ፊት ወረወረችው። ዳኛው አነበቡት፤ ቀና ብለውም ሽማግሌውን አዩ።

«አባት፣ ጠበቃ ይፈልጋሉ?»

ሽማግሌው ማን እንደተጠየቀ ለማየት ወደኋላቸው ዞሩ።

«እኔን ነው? ያ ልጅ ‹ጠበቃዬ ሳይመጣ አልፈርምም› ስላለ እኮ ነው ሳጅኑ በዱላ አናቱን ያለው!»

ቁልፉን በዓይናቸው ፈለጉ። መርማሪዋ እጅ ላይ አዩት።

«እፈልጋለሁ» አሉ።