አያመኝም ያለው ሰው

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ተቀመጡ። የማወራላችሁ የፍቅር ታሪክ ነው፤ ነገር ግን ንዴት ይበዛበታል። እኔም ራሴ ሳወራው ደሜ ይፈላል፣ ታገሱኝ።

አንዲት ነርስ ነበረች። የምትሠራው በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ምድር ቤት ውስጥ፣ አንድ የምርመራ አልጋ፣ አንድ መጋረጃና የምትወዛወዝ ጠረጴዛ ባለባት ጠባብ ክፍል ነው። ሥራዋ ጥናት ነው። ሄርኒያን ያጠናሉ፤ የድሮ ሰዎች ቡአ የሚሉትን፣ አንጀት በደከመ የብሽሽት ጡንቻ መሀል ሾልኮ እብጠት ሆኖ የሚወጣውን በሽታ።

የጥናቱ ጥያቄ ቀላል ይመስላል። እብጠቱ እያለ ብዙም የማያመው ሰው ቶሎ ቀዶ ጥገና ይደረግለት ወይስ በክትትል ቢቆይ ይሻላል? ይህን ለማወቅ ፈቃደኛ የሆኑትን ሰዎች በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው። ገሚሶቹ ወዲያው ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው አንጀቱ የሾለከበት ቀዳዳ መረብ በመሰለ ጨርቅ ተጠገነላቸው፤ ክትትላቸውም ላይኛው ፎቅ፣ ከሌላ ነርስ ጋር ሆነ። የቀሩት እየጠበቁ ወደ እኛዋ ነርስ ይመላለሳሉ። ከእነዚህ መሀል «አመመኝ» ያለ ሰው ግን የዚያኑ ቀን ወደ ላይ ይወጣል፣ ይታከማል። ነገሩ ሁሉ የቆመው ሰው እውነቱን ይናገራል በሚል እምነት ላይ ነው።

አንድ ቀን አንድ ረጅም ሰው በሩን ጎንበስ ብሎ ገባ። ከአንድ የእንጨት ሥራ ቤት ቁም ሳጥንና አልጋ እየተሸከመ ለደንበኛ የሚያደርስ ሠራተኛ ነው። ጓደኞቹ «ክሬኑ» ይሉታል። ዕጣው ከሚጠብቁት ጋር ጥሎታል።

«ከባድ ዕቃ ታነሳለህ?» አለችው።

«እኔ ካላነሳሁ ማን ያነሳል ሲስተር? ስሜ ራሱ ክሬኑ ነው።»

«ክሬን ብሽሽት የለውም። አንተ አለህ። ካሁን በኋላ ብቻህን እንዳታነሳ። ታጨሳለህ?»

«ትቻለሁ።»

«መቼ?»

«አሁን፤ አንቺ ስትጠይቂኝ።»

ነርሷ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ወደ ጽሑፏ አቀረቀረች። የሚቀጥለው ጥያቄ ከባድ ነበር። «ሽንት ቤት ስትቀመጥ ታምጣለህ?»

ሰውየው እስከ ጆሮው ድረስ ፊቱ ጋለ። «ይሄን ሌላ ሰው ቢጠይቀኝ አይሻልም?»

«የምጠይቅህ እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው አላምጥም። ወደፊትም አላምጥም።»

እንዲህ ተጀመረ። በየቀጠሮው ከሰዓቱ ቀድሞ ይመጣል። ጢሙን ተላጭቶ፣ ሸሚዙን ተኩሶ። አንድ ቀን ከሥራ ቤቱ ትንሽ እንጨት ጠርቦ አምጥቶ የጠረጴዛዋን እግር አስተካከለላት። እሷ ስትጽፍ እሱ ጣቶቿን ያያል፤ ቀና ስትል ግድግዳውን ያያል።

«እሺ፣ አመመህ?»

«አያመኝም።»

ያን መልስ ወደደችው። የማያመው ሰው ተመልሶ ይመጣላ።

አንድ ጊዜ ግን ከወንበሩ ሲነሳ እጁን ኪሱ ላይ ተጭኖ ቆመ። ግንባሩ ላይ ላብ ነበር።

«ምን ሆንክ?»

«ቁልፌን እየፈለግሁ ነው።»

አስተኝታ አየችው። በጀርባው ሲጋደም እብጠቱ ሸሽቶ ወደ ውስጥ ገባ። ደግማ ጠየቀችው። «ሲስተር፣ አያመኝም አልኩሽ እኮ» አለና ሳቀ። ሳቁ ስለጣማት ላቡን ረሳችው።

ከዚያ በኋላ አንድ ጠዋት የክፍሏ በር ተበረገደ። የክሬኑ የሥራ ባልደረባ ነው፤ ልብሱ የእንጨት ብናኝ ለብሷል። «ሲስተር፣ ክሬኑ ደረጃ ላይ ወደቀ። ቁም ሳጥን ይዞ።»

ድንገተኛ ክፍል ስትደርስ ጉልበቱን ወደ ሆዱ ሰብስቦ ያስታውካል። እብጠቱ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል፤ ቆዳው ጠቁሯል። አንጀቱ ቀዳዳው ውስጥ ታንቋል ማለት ነው። ባልደረባው አጠገቧ ቆሞ እጁን እያሸ፣ «እኛማ ነግረነው ነበር» አለ። «ካመመው ወራት አለፈው እኮ። በእጁ ደግፎ ነው የሚሄደው።»

ወራት። ከፍርሃቱ ቀድሞ ንዴቱ ደረሰባት።

ሐኪሞቹ ሆዱን ከፈቱት። የሞተውን የአንጀት ክፍል ቆርጠው አወጡ፤ የቀረውን ቀጠሉ፤ ቀዳዳውን ሰፉ። ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ ሌላ ታሪክ ነበር የማወራችሁ።

ሲነቃና አፉ ሲፈታ አልጋው አጠገብ ቆመች። አልተቀመጠችም።

«ከጀመረህ ስንት ጊዜ ሆነህ?»

«ምኑ?»

«ሞኝ አትምሰለኝ።»

ጣሪያውን አየ።

«ለምን ዋሸኸኝ?»

«አመመኝ ካልኩ ወደ ላይኛው ፎቅ ትልኪኛለሽ። እዚያ ያለችው ሌላ ሰው ናት። አንቺን በምን ሰበብ አይሻለሁ?»

ሌላ ቀን ቢሆን ይህ ቃል አንጀቷን ባራሰው ነበር። ያን ቀን ግን አንጨረጨራት።

«በምን ሰበብ? በር ላይ ጠብቀህ እንደ ሰው ሻይ እንጠጣ አትለኝም?»

«እምቢ ብትይኝስ?»

«እምቢ እልህና ቤትህ ትገባለህ። እምቢታ አንጀት አያንቅም።» ድምጿ ከፍ አለ፤ ጎረቤት አልጋ ላይ ተኝቶ የነበረው ሰው ብርድ ልብሱን ተከናነበ። «ደግሞ የጎዳኸው ራስህን ብቻ መሰለህ? እኔ የምጽፈውን ሐኪም ሁሉ ያነበዋል። ነገ አንዱ ተሸካሚ እብጠቱን ይዞ ሲሄድ ‹ቆይ፣ ምንም አትሆንም› የሚሉት ያንተን ቃል አምነው ነው። አንተ ለእኔ የዋሸኸው ውሸት ሌላ ሰው ሊገድል ነው።»

«ስለምወድሽ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

«እንዲህ ያለው ፍቅር ይቅርብኝ። ሂድና ለፕሮፌሰሩ ራስህ ንገራቸው።»

«አልችልም። የሰው መሳቂያ ልሆን?»

«መሳቂያ መሆን ከበደህ። መሞት ግን ቀለለህ።»

መጋረጃውን ስባ ወጣች። መተላለፊያው ላይ ስትደርስ ቆመች። ያንገበገባት እሱ ብቻ አልነበረም። ያን ላብ አይታው ነበር። አይታው ነው ያለፈችው።

በዚያው እግሯ ጥናቱን ወደሚመሩት ፕሮፌሰር ገባች። «ያ ሰው የነገረኝ ሁሉ ውሸት ነው» አለቻቸው። «እኔም እሱን ስጠይቅ ነርስ ብቻ አልነበርኩም።»

ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሕመምተኛን ነው ስትጠይቂ የነበረው ወይስ ወዳጅሽን?»

«የትኛውን እንደሆነ ስለጠፋብኝ ነው የመጣሁት።»

ከጥናቱ አስወጥተው ቁስል ማሸጊያ ክፍል መደቧት። ጥናቱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የደከመችበት ሥራ ነበር። ልክ እንደሆኑ ታውቃለች፤ ማወቋ ግን ንዴቷን አላበረደላትም።

ወሬው ክሬኑ የተኛበት ክፍል ድረስ ገባ። ክሬኑ በተሰፋ ሆዱ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ፕሮፌሰሩ ቢሮ ደረሰ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። እሷን ወደ ቦታዋ ይመልሷት።»

«አልመልሳትም» አሉ ፕሮፌሰሩ በቁጣ። «አንተ ግን ተቀመጥ። ሕመሙ መቼ እንደጀመረህ፣ ምን ስታነሳ እንደባሰብህ፣ አንድም ሳታስቀር ንገረኝ።»

ነገራቸው። ያፈረበትንም፣ ለምን እንዳደረገውም። ሲጨርስ ፕሮፌሰሩ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት። «ከአንተ የባስኩ ጅል እኔ ነኝ። አመመኝ ያለውን ሰው ከለመደው ሰው ነጥዬ ወደማያውቀው እልካለሁ። ይህን ፈርቶ ዝም ያለው አንተ ብቻ ባትሆንስ?»

ሲጠብቁ የነበሩትን ሁሉ አስጠሩና በሌላ ሰው እንደገና አስጠየቋቸው። ሕመማቸውን ደብቀው የቆዩ ተገኙ፤ አንድ ምስኪን የጥበቃ ሠራተኛ የሐኪሙን ቢላዋ ፈርቶ ጥርሱን ነክሶ ችሎት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰው ቀዶ ጥገና ቢደረግለትም ባይደረግለትም የሚከታተለው ነርስ እንዳይቀየርበት ተደረገ።

እሷም ይህን ሰማች። ይቅር ልትለው ፈለገች፤ ቁጣዋ ግን አልታዘዝ አላት። ክሬኑ ከሆስፒታል ወጥቶ ቤቱ ገባ፤ እሷ ቁስል ታሽጋለች፣ ሰው ሳይነካት ትቆጣለች፣ በር እያላተመች ትዘጋለች። በመጨረሻ ከሥራ ስትወጣ እግሯ ወደ ቤቱ ወሰዳት። እናቱ በር ከፈቱ።

«ማን ልበል የኔ ልጅ?»

«በልጅዎ የተናደድኩ ሰው ነኝ።»

«እሰይ፣ እኔም ነኝ። ግቢ።»

ሶፋ ላይ ትራስ ተደግፎ አገኘችው። ከስቷል። ሲያያት ሊነሳ ሲል «እንዳትነሳ» አለችውና ከቆመችበት ጀመረች። ያልጨረሰችውን ሁሉ ተናገረች። ስለ ውሸቱ፣ ስለ ላቡ፣ ስላጣችው ሥራ፣ መትረፍ አለመትረፉን ሳታውቅ የቀዶ ጥገናው ክፍል በር ላይ ስለቆመችበት ሰዓት። እናቱ ከጓዳ ሆነው «ልክ ናት» ይላሉ በየመሀሉ።

የምትለው ሲያልቅ ቀና ብሎ አያት።

«ይቅር በይኝ አልልሽም» አለ። «ተቆጪ። ግን ቁጣሽን ይዘሽብኝ አትሂጂ፤ እዚሁ ሆነሽ ተቆጪ።»

«ብዙ ነው ቁጣዬ።»

«ጊዜ አለኝ። ዕቃ ማንሳት ተከልክያለሁ።»

ሳቅ አመለጣት፤ ሳቋም አናደዳት። ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። እጁን ሲዘረጋላት ወዲያው አልያዘችውም። ቆየች። ከዚያ ያዘችው፤ በጣም ጨምቃ ያዘችው።

«አሁን ያመኛል» አለ።

«ይመምህ» አለችው፤ ግን አላላችለት።

ተጋቡ። ቁጣዋም ሙሉ በሙሉ አልወጣላትም፤ እስከ ዛሬ ብቅ ይልባታል፤ ያን ጊዜ እሱ ቁጭ ብሎ ያዳምጣታል።

እናንተም ልጆቼ፣ አደራ፣ አንድ ነገር ያዙልኝ። የሚወዳችሁ ሰው «ምን አመመህ፣ ምን አመመሽ» ብሎ ሲጠይቃችሁ፣ ከእሱ ላለመለየት ብላችሁ እንዳትደብቁት። ይህን ብቻ አስታውሱልኝ።