ኦቦ ጃለታ የዘጉት በር

የእህል ነጋዴው ራያ ዓለም ገና ባለው መጋዘኑ ውስጥ፣ ከጤፍ ኩንታሎቹ አጠገብ አልጋው ላይ ሞቶ የተገኘ ዕለት፣ የሰው ሁሉ ዓይን ታላቅ ወንድሙ ኦቦ ጃለታ ላይ አረፈ። ፊታቸው ላይ ሐዘን አይታይም፤ ቀኝ እጃቸው ብቻ ይንቀጠቀጣል። ኪሳቸው ውስጥ ወሸቁት። ምን ነካው ይህ እጅ? ዓመት ሙሉ ከሰው ሲሸሽጉት ኖረው ዛሬ ሊያስበላቸው ነው!

«የገደለው የነቀዝ መድኃኒት ነው» አለች ከሰበታ የመጣችው ኢንስፔክተር ሩሃማ። «አልጋው ሥር ተበትኗል፤ በተዘጋ ቤት የሚሸት መርዛማ አየር ያወጣል። በሩን ማን ዘጋው?»

«እኔ» አሉ ኦቦ ጃለታ። «ኤርምያስ ነው፣ ራያ ትኩሳት ይዞት ተኝቷል፣ ንፋስ እንዳይመታው ዝጉለት ያለኝ።»

«ኧረ በሕግ አምላክ!» ጮኸ የመጋዘኑ ሠራተኛ ኤርምያስ። «እኔ አላልኩም! ሽታው ከደጅ ይመልሳል፤ እየሸተታቸው ነው የዘጉበት። እጃቸውን እዩት!»

ያ ዋቃ ኮ፣ አምላኬ! በገዛ ወንድሜ ደም እስር ቤት ልሞት ነው! አሉ ኦቦ ጃለታ በልባቸው።

ሩሃማ ውሃ ሰጠቻቸው። ብርጭቆውን ሲያነሡ እጃቸው ቀጥ አለ፤ ጭናቸው ላይ ሲያሳርፉት መንቀጥቀጡ ተመለሰ። ግቢውን እንዲዞሩ ጠየቀቻቸው። እግራቸው ይጎተታል፣ ቀኝ ክንዳቸው አይወዛወዝም። ከዚያ የሟቹን ሚስት ዱርሲቱን ለብቻዋ ጠራቻት።

«ኦቦ ጃለታ ምግብ ላይ እንዴት ናቸው?»

«ምን እንዴት አለ! ወጡ አርሮ ጎረቤት ሁሉ ከሽታው ሸሽቶ ሲወጣ፣ እሳቸው ይጣፍጣል ብለው በሉ። ኤርምያስ ሆዱን ይዞ ሳቀባቸው። ከዚያ ወዲህ ነጭ ጋዝ የነካ ጨርቅ አፍንጫቸው ሥር እያስጠጋ ይቀልዳል።»

ሩሃማ ሁሉንም ሰበሰበቻቸው።

«የፈራ ሰው እጁ የሚብስበት ዕቃ ሲያነሣ ነው። የእሳቸው እጅ ሲያርፍ ይንቀጠቀጣል፣ ሲሠሩበት ይተዋል፤ ያውም አንዱ ብቻ። ፊታቸው የደነደነው ልባቸው ደንድኖ አይደለም። አባቴም እንዲሁ ነበር፤ ያየው ሐኪም ፓርኪንሰን የሚባል የነርቭ በሽታ ነው ብሎናል። የያዛቸው ብዙዎች ከመንቀጥቀጡ ዓመታት በፊት ማሽተት ያቆማሉ።» ወደ ኤርምያስ ዞረች። «አንተ ይህን በጨርቅህ አረጋግጠሃል። እንደማይሸታቸው እያወቅህ እየሸተታቸው ዘጉ ያልከኝ ለምንድን ነው? መድኃኒቱን በትነህ በማይሸታቸው ሰው እጅ በሩን ያስዘጋኸው አንተ ነህ።»

ኤርምያስ ወደ ደጁ አፈገፈገ።

«ለካ!» አለች ዱርሲቱ። «ይህ ሰው ኩንታል ሲያሸሽ ራያ ይዞት ሊያባርረው ነበር!»

ፖሊሶች ኤርምያስን ይዘውት ሲሄዱም የኦቦ ጃለታ ፍርሃት አልወረደም።

«ልጄ፣ ይህ በሽታ ይገድለኛል?» አሏት ሩሃማን።

«እርግጡን ሐኪም ይንገርዎት። በደም ምርመራ ብቻ አይታወቅም፤ ጠይቆ፣ አስሂዶ፣ ጣትዎን ያንቀሳቅሱ ብሎ ነው የሚለየው። ጨርሶ አይድንም፣ ግን የሚያግዝ መድኃኒት አለው። ብዙ ሰው አብሮት ይኖራል።»

«በሩን ግን የዘጋሁበት እኔ ነኝ» አሉ። እንባቸው ባልተንቀሳቀሰ ፊታቸው ላይ ወረደ።

ዱርሲቱ እጃቸውን ከኪሳቸው አውጥታ በሁለት እጇ ያዘችው። ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አልለቀቀችውም።