ከድልድዩ የሚፈናጠጠው

ስንሻው ከሥራ የሚወጣው አሥር ሰዓት ላይ ነው። ከአባይ ማዶ ባለው ችግኝ ጣቢያ የእጁን አፈር ይታጠብና የሳይክሉ ካቴና እንዳይበላው የሱሪውን የቀኝ እግር ጫፍ ካልሲው ውስጥ ከትቶ ሠላሳ ዓመት የሞላው የብረት ሳይክሉ ላይ ይወጣል። ከዚያ በኋላ በባሕር ዳር ምድር እሱን የሚያስቸኩል ነገር የለም። ባጃጁ ይቀድመዋል፣ ተማሪው ይቀድመዋል፣ አንዳንዴ የጤፍ ጆንያ የተጫነች አህያም ትቀድመዋለች።

«ጋሼ፣ እየሄዱ ነው ወይስ ቆመው ነው?» ይሉታል።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላል፣ ፔዳሉን አንዴ ረግጦ ሁለቴ እያረፈ።

በእሱ ዘመን ሳይክል የነዱ ሰዎች ደንብ አላቸው። የኋላው መቀመጫ የመንገደኛ ነው። ቀስ ብሎ ለሚነዳ ሰው መቆም አያስፈልገውም፤ የሚፈናጠጠው ሁለት ሦስት እርምጃ አብሮ ይራመድና በጎኑ ቁጭ ይላል። ነጂው ዞሮ አያይም፣ ዞሮ ካየ መሪው አብሮ ይዞራል። የት እንደሚወርድም አይጠይቅም፣ ምክንያቱም መጠየቅ ውረድልኝ እንደ ማለት ነው። ሚስቱ ውባለም ገበያም ቤተ ክርስቲያንም የሄደችው እንዲህ ነበር፤ ሳይክሉ በበሩ ቀስ እያለ ሲያልፍ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ትወጣለች፣ ትቀመጣለች፣ ሳይነጋገሩ ይሄዳሉ።

ከመስከረም ወዲህ ግን ውባለም አልጋ ላይ ናት። ሐኪሙ ልቧ ደክሟል፣ ካረፈች ትድናለች ብሏል። ስንሻው ይህን ከሰማ ጀምሮ ደንዝዟል። አያለቅስም፣ አያማርርም፤ ምግቡን ይበላል፣ ጨው መኖር አለመኖሩን ግን አያውቅም። የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እሷ እንድትተርፍለት።

በኅዳር መጀመሪያ አንድ ማክሰኞ ድልድዩን ጨርሶ ዋርካዎቹ አስፋልቱን ወደሚያጨልሙበት ጥላ ሲገባ ከኋላው የሆነ ሰው ቁጭ አለ። ጎማው ትንሽ ተነፈሰ፣ የኮርቻው ሽቦ ሲጢጥ አለ፣ ከውሃ የወጣ የደንገል ሽታ መጣ። ታንኳ የሚሠሩት ሰዎች በዚያ በኩል ደንገል ስለሚያጭዱ ከእነሱ አንዱ ነው ብሎ አልዞረም። ሰውየው እስከ ስንሻው ግቢ በር ድረስ ሄዶ ወረደ። ስንሻው ሳይክሉን አቁሞ ሲያይ መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም፣ መቀመጫው ብቻ ርሷል። በጨርቅ ጠረገውና ገባ። ያን ዕለት ሳይመሽ ውባለም ትንፋሽ ስላጠራት ስንሻው በሦስት ትራስ ደግፎ አስቀመጣት።

ረቡዕም እዚያው ቦታ ተቀመጠ፣ ሐሙስና ዓርብም። በየቀኑ ይከብድ ነበር። ስንሻው ወደ ቤቱ የምትወስደውን ዳገት ሲወጣ ቆሞ ይረግጣል፣ የካቴናው ድምፅ እንደ ጥርስ ይፋጫል፣ የደንገሉ ሽታ ደግሞ ትኩስነቱን ትቶ ወደ መበስበስ እየሄደ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሳይክሉን ወደ ጠጋኙ ወደ ደምለው ወሰደው።

«ጋሼ፣ ምን ጭነው ነው? የኋላው ጎማ ሽቦ አምስቱ ተበጥሷል።»

«ሰው ነው።»

ደምለው ዘይት የነካውን እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። «ትናንት በዚህ ሲያልፉ አይቼዎታለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «ብቻዎን ነበሩ። ጎማው ግን ተኝቶ ነበር።»

ቅዳሜና እሑድ ሥራ የለም። በእነዚያ ሁለት ቀናት ውባለም ቁጭ ብላ ሾርባ ጠጣች፣ ጎረቤቷን የሺወርቅን እየቀለደች አሳቀቻት። ሰኞ ያ ክብደት በሩ ላይ ወረደ፤ የውባለም ከንፈር ጠቆረ። ስንሻው ሁለቱን ነገር አገናኘ። መፍራት እንደነበረበት ያውቃል፣ ፍርሃቱ ግን አልመጣለትም።

ማክሰኞ ደንቡን ጣሰ። ከዋርካዎቹ ሥር ሳይዞር «የት ነው የምትወርደው?» አለ።

ኮቱን ከወገቡ ላይ ቀዝቃዛ ነገር ጨመደደው፣ ልክ ውባለም በምትይዝበት ቦታ። ቀጥሎ ከኋላው እግር ሲንቀሳቀስ ሰማ፣ አየር ላይ ፔዳል እንደሚረግጥ፤ አንዴ ረግጦ ሁለቴ ያርፋል። ስንሻው መርገጡን ሲያቆም ያም ያቆማል። እየተማረ ነው የሚል ሐሳብ መጣበት፣ ምን እንደሚማር ግን አልጨረሰውም። ያን ዕለት በአመሻሹ ውባለም ስሙን መጥራት እንኳ አቃታት።

ረቡዕ ጠዋት በሳይክል መሄዱን ተወ። ሳይክሉን እየገፋ ደምለው ዘንድ ወስዶ የቆርቆሮው ክፍል ውስጥ አስገባው።

«ለጥቂት ጊዜ ይቀመጥልኝ፣ ማንም እንዳይነዳው።»

«የእርስዎን ሳይክል እርስዎ ካልሆኑ ማን ይችለዋል?» አለ ደምለው፣ በሩን እየቆለፈ።

አሥር ሰዓት ላይ በእግሩ ተመለሰ። በዋርካዎቹ ሥር ሲያልፍ ትከሻውን ሰብስቦ ጠበቀ፤ ምንም አልተቀመጠበትም፣ ከጣና የሚመጣው ነፋስ ንጹሕ ነበር። ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እግሩ ቀለለው፣ ረኃብም ተሰማው። የገዛ ብልጠቱ ትንሽ አኮራው። መንገዱ ዳር ከተደረደሩት ዘንባባዎች ሲደርስ አንድ ሳይክል ከኋላው መጥቶ ሊያልፈው ጀመረ፤ በጣም ቀስ ስለሚል ለማለፍ ብዙ ጊዜ ወሰደበት። ስንሻው ጨዋ ሰው እንደሚያደርገው አንገቱን ደፍቶ መንገድ ለቀቀ፤ ቀና ሲል የነጂውን ጀርባና ባዶውን መቀመጫ ብቻ አየ። እንዲህ የሚነዳ ሰው ዛሬም አለ ብሎ ደስ አለው።

የግቢው በር ክፍት ነበር። ገባ። አልጋው ተነጥፏል፣ ብርድ ልብሱ ታጥፎ እግርጌ ተቀምጧል፣ የውባለም ጫማና ነጠላ የሉም። ስሟን ሁለት ጊዜ ጠራ፤ ድምፁ የሌላ ሰው መሰለው። ወጥቶ አጥሩ ጋ ሄደ። የሺወርቅ በርበሬ ልታነሳ ሰሌኑ ላይ ጎንበስ ብላለች።

«የሺ፣ ውባለምን አይተሻታል?»

የሺወርቅ ቀና ብላ በፈገግታ ዓይኗን ጠረገች። «እንዴት ተሽሏታል እባክህ፣ ቅድም ቀስ እያልክ በበሩ ስታልፍ በገዛ እግሯ ወጥታ ስትፈናጠጥ አይቼ እንባዬ መጣ» አለችው፤ «ምነው፣ የት አድርሰሃት ነው አንተ በእግርህ የተመለስከው?»