ፕላስቲኩ ያልተገፈፈ መቀመጫ

ልጇ ያን ጠዋት የት ነበር?

አሮጊቷ ይህን ጥያቄ ከትናንት ጀምሮ በሆዷ ስታመላልሰው አድራለች። ልጇን እንዳትጠይቀው ፈራች፤ መልሱ ክፉ ቢሆንስ? ባሏ በታችኛው ማሳ ሞቶ የተገኘው ትናንት ረፋድ ላይ ነው። አዲሷ ትንሽ ትራክተር በላዩ ላይ አልፋ፣ የድንበሩን የድንጋይ ካብ ገፍታ ቆማለች። ቀድማ የደረሰችው አሮጊቷ ነበረች። ያን ጊዜ ከትራክተሯ ላይ ያነሳችው ነገር አሁን ከአልጋዋ ሥር ባለው ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። የልጇ ሰማያዊ ጃኬት ነው። ቁልፉ በአንገቷ ተንጠልጥሏል።

ልጇ ከትዳሩ ከተለያየ ወዲህ የሚኖረው ከእሷ ጋር ነው። የልጅ ልጆቿ ከእናታቸው ጋር ሩቅ ሄደዋል። ባል ሞተ፤ ልጅም ከታሰረባት በዚያ ቤት ከእሷ ጋር ድምፅ የሚያሰማው የግድግዳ ሰዓት ብቻ ሊሆን ነው።

መርማሪዋ በእግሯ መጣች። አጭር ሴት ናት፤ ጫማዋ አቧራ ለብሷል።

«ነፍስ ይማር እማማ። ትራክተሯን ያሳዩኝ።»

መካኒኩም ተጠርቶ መጥቷል። ትራክተሯን ከሻጩ ግቢ ጭኖ ያመጣት እሱ ነው። ሦስቱም ቁልቁል ወረዱ። ሁሉ-አወቅ የሚባለው ጎረቤት ከካቡ ማዶ ሆኖ አንገቱን አሰገገ።

«ቁልፉ እንደተከፈተ ነው፤ ማርሹም አንደኛ ላይ ገብቷል» አለች መርማሪዋ። «ይሄ እጀታስ?»

«ነዳጅ መስጫው ነው። እስከ ጫፍ ተገፍቷል።» መካኒኩ ራሱን ነቀነቀ። «ይሄንን ጋሼ አላደረጉም። አዲስ ሞተር እንደ ወይፈን ነው፤ የመጀመሪያውን ሃምሳ ሰዓት ቀስ ተብሎ ይገራል። ይቺን ቀይ ፕላስተር የለጠፉት እጀታው ከዚህ እንዳያልፍ ብለው ነው። የሠራችበትን ሰዓት በደብተር ይጽፉ ነበር፤ ገና ዘጠኙን ነው የጨረሱት። ብሎኖቹን ላጠብቅ የመጣሁ ዕለት ‹ጆሮዬን ሞተሯ ላይ ስደግፍ ሚስቴ ትቀናለች› ብለውኛል።»

አሮጊቷ ፊቷን አዞረች። እውነት ነው፤ ቀንታ ነበር። ሰውየው ሦስት ዓመት ሙሉ ሻጭ ቤት ሲመላለስ ከርሞ ከሁሉም ትንሿን መረጠ። ልጁ «አባዬ፣ ይቺ እኮ መጫወቻ ናት» ቢለው «ትልቁ የማይደርስበት ትደርሳለች» አለ። በዚያ ተጣልተው ልጁ ቤቱን ጥሎ ሄደ። የተመለሰው አባቱ ሊሞት አንድ ቀን ሲቀረው ነው።

መርማሪዋ መቀመጫው ላይ ጎንበስ አለች። የፋብሪካው ፕላስቲክ አልተገፈፈም።

«ሃምሳው ሰዓት ሲሞላ እገፈዋለሁ ብሎ ነው» አለች አሮጊቷ።

«መሃሉ ላይ ጎድጉዷል፤ አንድ ቦታም ተበስቷል።» መርማሪዋ በጣቷ ዳበሰችው። «የሰው ቂጥ ሹል አይደለም መቼም።»

ከዚያ ልጁን ለብቻው አነጋገረችው። አሮጊቷ ከጓዳ ጆሮዋን ጣለች።

«የት ነበርክ?»

«ወንዝ ዳር።»

«ከማን ጋር?»

«ከማንም።»

«አባትህ እንዴት የሞተ ይመስልሃል?»

«በአሮጌዋ ትራክተር እንደሚያደርገው ነዋ። በቀስታ ማርሽ ይለቃትና ወርዶ ከፊቷ ድንጋይ ይለቅማል፤ እሷ እያዘገመች ትከተለዋለች። እንቅፋት መትቶት ይሆናል። ስንቴ ተው ብዬዋለሁ።»

መርማሪዋ መልሱን ደብተሯ ላይ ጻፈች። ቀጥሎ ሁሉ-አወቅ ገባና ሳይጠየቅ ጀመረ።

«እኔ ከማለዳ ጀምሮ ወፍጮ ቤት ነበርኩ፤ ቀትር ላይ ስመለስ ነው ለቅሶውን የሰማሁት። ሰው ማማት አልወድም የኔ እህት፤ ግን አባትና ልጅ ዓይንና ናጫ ነበሩ። ለመሆኑ ያ ሰማያዊ ጃኬቱ የት ገባ ብላችሁ ጠይቁት እስቲ።»

ጓዳ ውስጥ አሮጊቷ የአንገቷን ቁልፍ ጨበጠች።

ከምሳ በኋላ መርማሪዋ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ልጁ መስኮቱ ሥር ተቀመጠ፤ ሁሉ-አወቅ የሟቹን ወንበር ያዘ። መካኒኩ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አኑሯል። በሩ ላይ አንድ ፖሊስ ቆሟል።

«እማማ፣ የአንገትዎን ቁልፍ ደጋግመው ይነካሉ» አለች መርማሪዋ።

«የልብሴ ሣጥን ቁልፍ ነው።»

«የሚከፍተውን ካላሳዩኝ ልጅዎን ላድነው አልችልም።»

አሮጊቷ ልጇን አየችው፤ እሱ ግን ወደ ውጭ እየተመለከተ ነበር። ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ ሰጠች። ፖሊሱ ጃኬቱን አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ሲዘረጋው ከውስጡ ጠጠርና አፈር ረገፈ። ልጁ ያኔ ዞረ።

«የት አገኙት?» አለች መርማሪዋ።

«መቀመጫው ላይ። ድንጋይ ተጠቅልሎበት ነበር። ሞተሩ ይጮሃል፤ ጎማዎቹ ካቡ ሥር መሬቱን ይምሳሉ። ድንጋዩን ሳነሳው ሞተሩ ጸጥ አለ። ድንጋዩን ካቡ ላይ ጣልኩት።»

መርማሪዋ ወደ መካኒኩ ዞረች። «ለምን ጸጥ አለ?»

«ማርሽ ውስጥ ሆና ሰው ከመቀመጫዋ ከተነሳ ሞተሯ ይጠፋል። አሮጌዋ ይሄ አልነበራትም። ያመጣኋት ቀን ግቢ ውስጥ አሳይቻቸዋለሁ።»

«እነማን ነበሩ?»

«ጋሼ፣ እማማ፣ እኚህ ጎረቤታቸው። ልጃቸው አልነበረም።»

«እንግዲህ» አለች መርማሪዋ ቆማ፣ «አንድ ሰው ትራክተሯ ያለ ነጂ እንድትሄድ ፈለገ። መቀመጫው ባዶ ከሆነ እንደማትሄድ ስለሚያውቅ ድንጋይ ጫነባት። ድንጋዩ ፕላስቲኩ ላይ አሟለጨው፤ በጃኬት ጠቀለለው። ልጁ ይህን ያደርጋል? እሱ እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ይቺም እንደ አሮጌዋ ብቻዋን የምትሄድ ነበር የመሰለው። ድንጋይ መጫን በሐሳቡም አይመጣ። አንተስ መካኒክ?»

«እኔ ድንጋይ ምን ያደርግልኛል? ከመቀመጫው ሥር ሽቦዋን ነቅዬ ሁለቱን ጫፍ ማገናኘት ነው። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።»

«ስለዚህ ገዳዩ መቀመጫውን ያውቃል፤ ሽቦውን አያውቅም። ቆሞ ያየ፣ እጁን ግን ያልከተተ ሰው ነው።»

ሁሉ-አወቅ ሳቅ ሞከረ። «ይቺ አሮጊትም አይታለች እኮ።»

«አይተዋል። ግን ስለ ጃኬቱ እርስዎን አልጠየቅኩም። እማማ ደብቀውት ለማንም አልተናገሩም፤ እርስዎ መጥፋቱን ከየት አወቁ? እማማ ሲያነሱት አይተዋቸዋል። እርስዎ ድንጋዩን ሊያነሱ ሲሉ እማማ ስለደረሱብዎ ካቡ ሥር ተደብቀው ነበር። ወፍጮ ቤቱ ትናንት የመብራት ትራንስፎርመሩ ተቃጥሎ ተዘግቶ ውሏል፤ ሄጄ ጠይቄያለሁ።»

ሁሉ-አወቅ የሟቹን ወንበር መደገፊያ ጨበጠ።

«ካቡ በየዓመቱ በእርስዎ እጅ ወደዚህ ማሳ አንድ ክንድ አንድ ክንድ ሲገባ ኖሯል» አለች መርማሪዋ። «አሮጌዋም ትልቁ የኪራይ ትራክተርም እዚያ ጥግ መዞር ስለማይችሉ ማንም አያርሰውም ነበር። ትንሿ ግን ትዞራለች። ትናንት ማረሻው የድሮውን የድንበር ድንጋይ ገልብጦ አወጣው፤ አሁንም እዚያው ወድቋል።»

«ገፋሁት እንጂ አልገደልኩትም» አለ ሁሉ-አወቅ። ድምፁ ቀጥኗል። «ጭንቅላቱን የካቡ ድንጋይ መታው። ሞቷል ብዬ ነው።»

«አስከሬኑን ያየው ሐኪም ትራክተሯ ስትሄድበት በሕይወት ነበር ይላል።»

ሁሉ-አወቅ ከወንበሩ ተነሳ። ፖሊሱ ክንዱን ይዞ አወጣው።

መካኒኩ ጃኬቱን አየት አደረገ። «ጋሼ በብርድ ይለብሱት ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ብሎን ላጠብቅ የመጣሁ ቀን ለብሰውት ነበር። ‹የልጄ ነው፣ ይሞቃል› አሉኝ። ፀሐይ ሲሞቅ ትራክተሯ ላይ ይሰቅሉታል።»

ባርኔጣውን አድርጎ ተሰናበተ። መርማሪዋም ደብተሯን ዘጋች፤ ደጃፉ ላይ ግን ቆም አለች።

«እማማ፣ ጃኬቱንና ድንጋዩን እንደነበሩ ቢተዉት ኖሮ ልጅዎ ነጻ መሆኑ በመጀመሪያው ሰዓት ይታወቅ ነበር። የደበቁት ማስረጃውን ነው።»

እናትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ።

«ፈርቼ ነው ልጄ» አለች አሮጊቷ። «ልሸፍንልህ ብዬ ነው። እናት ምን ታደርጋለች? ባየው ጊዜ ዓለም ዞረብኝ። አንተን እንዳይወስዱብኝ ብዬ…»

ልጁ ዓይን ዓይኗን ሲያያት አቋረጠች። ድንጋዩን ስታነሳ ልቧ ‹ልጄ ነው የገደለው› እንዳላት ገብቶታል። ከትናንት ጀምሮ አንድ ጣራ ሥር ውለው አድረዋል፤ ምሳውን አቅርባለታለች፣ ብርድ ልብስ ደርባለታለች። ያን አንድ ጥያቄ ግን አልጠየቀችውም።

«ወንዝ ዳር ምን ትሠራ ነበር?» አለችው፤ አሁን።

ልጁ ተነሳ። ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋ፤ ጫማውን አጠለቀ፤ ማሰሪያውን ቀስ ብሎ አሰረ። እሷ የእጁን እንቅስቃሴ አንድ በአንድ ስትከተል፣ በሩን ከፍቶ ወጣ።